ሁለቱም ዓይን ይታይ

በሴንት ሉዊስ ፓርክ የኖርኩበት ሕንፃ ውስጥ ማን ምን እንደሚያበስል ለማወቅ በር ማንኳኳት አያስፈልግም ነበር። ከታች የሶማሌ ጎረቤቶቻችን የሄልና የቅርንፉድ ሻይ ይቀበላችኋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሜሪካዊት አይሁድ አሮጊት ኬክ ይጋግራሉ፤ ቅቤና ቫኒላ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርሱ ግን የኛው ነገር ነው፤ ቀይ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቆይቶ፣ በርበሬው ገብቶ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ እስከ ደረጃው ድረስ ወርዶ የሚቀበል ቁሌት። ክፍል ውዬ በበረዶ ስመለስ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፣ ጆሮዬ ሳይሞቅ፣ አፍንጫዬ ቀድሞኝ ቤት ይገባ ነበር።

የምኖረው ከአክስቴ ልጅ ጋር ነበር። እሷ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት ትሠራለች፣ እኔ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት እማር ነበር። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ስለሆነ ጠዋት እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፤ አልጋውን ሳይቀዘቅዝ እንቀባበላለን። ፍሪጁ ላይ የምትለጥፍልኝ ወረቀት አይጠፋም፦ "ሽሮው ከታች ነው። ካልሲ ደርቢ።" ያን ጊዜ እንደ ተራ ነገር እያነበብኩ እጥለው ነበር። አሁን ሳስበው ግን ትምህርቱን ያስጨረሰኝ ከስኮላርሺፑ ይልቅ ያ ወረቀት ይመስለኛል።

የምማረው ነገር ደግሞ ለዘመድ ለማስረዳት አይመችም። የትምህርት ክፍሉ የሥርዓተ ጾታ፣ የሴቶችና የጾታዊነት ጥናት ይባላል። እኔ በዚያ ላይ ምስል ጨምሬበታለሁ፦ ፎቶግራፍ፣ ሥዕል፣ ፖስት ካርድ። አዲስ አበባ ላሉት "ማኅበራዊ ሳይንስ ነው" ብዬ አልፌዋለሁ። እነሱም "ዶክተር" የሚለውን ብቻ ይዘው፣ የአጎቴ ሚስት በስልክ የጉልበቷን ሕመም ትነግረኛለች። ጎረቤታችን እማማን ግን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አልተቻለም። ስማቸውን አልጽፍም፤ ያልፈቀዱት ነገር ነው፤ ነገሩን ወደ በኋላ አጫውታችኋለሁ።

እማማ ልጃቸው ያመጣቻቸው፣ የልጅ ልጅ ያሳደጉ፣ ከሚኒሶታ ብርድ ጋር ሳይታረቁ ዓመታት የኖሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው ቡና ሊፈላ ሲል የመጀመሪያው ሥራ ወንበር ላይ ወጥቶ የጭስ ደወሉን በሻወር ቆብ መሸፈን ነው። ከሁላችንም ረዘም የምለው እኔ ስለሆንኩ ሹመቱ የኔ ሆነ። ያ ቆብ ትናንሽ ሐምራዊ አበቦች ነበሩበት፤ ላስቲኩ ስለላላ በመርፌ ቁልፍ ጠበብ ተደርጎ ተይዟል። ቆቡ ሳይጠልቅ ቡናው ከተቆላ ግን የእሳት አደጋ መኪና እንደሚመጣ ሕንፃው በሙሉ ከልምድ ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ እሳቸው ቡናውን ሲቆሉ "ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው?" አሉኝ።

"ስለ ሴቶች ፎቶ ነው፣ እማማ። ማን እንደሚያነሣቸው፣ እንዴት አድርጎ እንደሚያነሣቸው፣ ማን እንደሚያያቸው።"

መቁያውን ወዝወዝ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ። "ለዚህ ነው ባሕር ተሻግረሽ የመጣሽው? ፎቶማ እኔም ጋ ሞልቷል።"

ቡናው ተቆልቶ፣ ጭሱ በየተራ ቀርቦልን፣ "ቤት ያፍራ" ተብሎ ሲያበቃ ከአልጋቸው ሥር ሻንጣ አስወጡኝ። ሻንጣው ውስጥ ነጠላ፣ በነጠላው ውስጥ በቀይ ከፋይ የተለበጠ አልበም። ሲከፈት የካምፎርና የአሮጌ ሙጫ ሽታ መጣ። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው በጣታቸው ጫፍ፣ ሳይነኩት፣ አሳዩኝ።

የስቱዲዮ ፎቶ ነው፤ ጠርዙ ነጭና ጥርስ ጥርስ ያለው። አንዲት የሃያ ዓመት ገደማ ልጅ ከጉልበቷ በላይ የቀረ ቀሚስ ለብሳ፣ አፍሮዋን አጎፍራ ቆማለች። ከኋላዋ በቀለም የተሳለ ሐይቅ አለ። በጎኗ ያለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ቴሌፎን ተቀምጧል፤ እጇ እጀታው ላይ ነው፣ ልታነሣው ይሁን ልትዘጋው አይታወቅም። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ቴሌፎኑ ሽቦ የለውም። ከንፈሯ ላይ ፎቶው ከታጠበ በኋላ በብሩሽ የተነካ ቀይ ቀለም አለ፤ ትንሽ ከመስመሩ ወጣ ብሏል። ዓይኖቿ ግን በቀጥታ እኛን ነው የሚያዩት።

"ፎቶ አንሺው ወደ መስኮቱ ዞር በይ ብሎኝ ነበር" አሉ እማማ። "አልዞርም አልኩት። በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው። ሁለቱም ዓይኔ ይታይ አልኩት።"

ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ያደገ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይሳላሉ፤ ዲያብሎስና ጭፍሮቹ፣ ይሁዳም፣ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ የሣላት እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትንሽ ዘንበል ብትልም ሁለቱም ዓይኖቿ አሉ። እማማ ያን ሥርዓት ከደብራቸው ግድግዳ አንሥተው ስቱዲዮ ይዘውት ገቡ። ፎቶ አንሺው የሆሊውድ ተዋናይት ሊያደርጋቸው ፈልጎ ይሆናል። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ፤ ዋጋውን ከፍለው፣ እንደ ፈለጉ ተነሥተው ወጡ።

"ለማን ነበር የተነሡት?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ለእጮኛ የተላከ ይሆናል ብዬ ነው፤ የዚያን ዘመን ብዙ ፎቶ ጀርባው ላይ "ለማስታወሻ" ተብሎ ለአንድ ሰው የተጻፈ ነው።

"ለማንም። የመጀመሪያ ደሞዜ ነበር። ለራሴ ተነሣሁ።"

ይህችን መልስ በሚቀጥለው ሳምንት አውቶቡስ ላይ ሳመነዥካት ሄድኩ። ከኛ ሰፈር ዳውንታውን የሚያደርሰኝ 17 ቁጥር ነበር። መስኮቱ በውስጥ በኩል በትንፋሽ ይሸፈናል፤ ልጆች በጣታቸው ፊት ይሥሉበታል። ከዳውንታውን በአረንጓዴው መስመር ባቡር ሚሲሲፒን ተሻግሮ ፎርድ ሆል የሚባለው ሕንፃ ነው ክፍላችን። ብርዱ ጋብ ሲል አንዳንዴ ዌስት ባንክ ወርጄ የዋሽንግተን አቬኑ ድልድይን በእግሬ እሻገር ነበር፤ በላይኛው ፎቁ መሐል የተሸፈነ መተላለፊያ አለ፣ ግድግዳውን የተማሪ ማኅበራት በየዓመቱ ቀለም የሚቀቡት። ነፋሱ ከውጭ እየጮኸ፣ እናንተ በሥዕል መሐል ታልፋላችሁ።

ክፍል ውስጥ ያን ሰሞን የምናነበው የሙያውን ታላላቆች ነበር። ጆን በርገር እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፉና በቴሌቪዥን ዝግጅቱ በአውሮፓ ሥዕል ውስጥ ወንዱ ተመልካች፣ ሴቷ ደግሞ ስትታይ ራሷን የምትመለከት እንደሆነች ተከራክሯል። ሎራ መልቪ እ.ኤ.አ. በ1975 በጻፈችው ጽሑፍ የሆሊውድ ካሜራ በወንድ ዓይን እንደሚያይ አሳየች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ስለ ራሳቸው አገር ሥዕልና ፊልም ሲናገሩ ዛሬም አምናቸዋለሁ። ግን እነዚያን ገጾች በቢጫ እያቀለምኩ ሳነብ ሽቦ የሌለውን ቴሌፎን የያዘችው ልጅ ከገጹ በላይ ቀና ብላ ታየኝ ነበር። እሷ ሰው እንዲያያት ብቻ አይደለም የቆመችው፤ እሷም ታያለች። ደሞዟን ቆጥራ፣ ቀሚሷን መርጣ፣ ፎቶ አንሺውን አርማ። የኔ ጥናት በዚያች ልጅ ነው የተጀመረው፤ ማመልከቻው ላይ የጻፍኩት ሌላ ነገር ቢሆንም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አልበም ማገላበጥ ሆነ። ወሬው ሕንፃውን አልፎ ሄደ መሰለኝ፣ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ስንሄድ እናቶች በነጠላቸው ሥር ፎቶ ይዘውልኝ ይመጡ ጀመር። "አንቺ ነሽ አሉ ፎቶ የምታጠኚው? እስቲ እዪልኝ።" እኔ የማጠናው ለዩኒቨርሲቲው ነው፤ እነሱ ግን የሚያሳዩኝ ለሐኪም እንደሚያሳዩ ሆነው ነበር። ስለ እያንዳንዱ ፎቶ ታሪክ አለ፦ ቀሚሱን ማን ሰፋው፣ ጫማው የማን ውሰት ነው፣ ከጎን የተቀደደው ሰው ማን ነበር። የተቀደደው ሰው ሁልጊዜ አለ። መቀሱ ትከሻው ላይ ደርሶ፣ እጁ ብቻ በሴቷ ወገብ ላይ የቀረበት ፎቶ አይቻለሁ። የፎቶዋን ባለቤት ሰውዬው ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እሷም "እጁን ለመቁረጥ ቀሚሴ ሊበላሽ ሆነ" ብላ አለፈችው።

የአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ታሪክ እንዲህ በጨዋታ መሐል ነው የገባኝ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥቱን ፎቶ ያነሡ የነበሩት አርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰቦች ናቸው፤ አባት ለልጅ እያስረከበ ሙያው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደረሰ። ከቤተ መንግሥት የጀመረው ነገር ፒያሳ ወርዶ፣ ከፒያሳ ክፍለ ሀገር ሄዶ፣ የአንዲት ታይፒስት የመጀመሪያ ደሞዝ የሚገዛው ነገር ሆነ። እቴጌ ጣይቱ በፎቶ ላይ እንዴት ቀጥ ብለው ካሜራውን እንደሚያዩት አስታውሱ። የእማማ አቋቋም የመጣው ከዚያው መስመር ይመስለኛል።

ያ አጭር ቀሚስም ታሪክ አለው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪዎች ተቃውመው ወጡ፤ ወደ ትርዒቱ የሚገቡ እንግዶች ተዘለፉ፣ ተወረወረባቸው፣ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። የተማሪዎቹ ክርክር የባዕድ ባህል በድሃ አገር ላይ አይጫን የሚል ነበር፤ መሬት ላራሹ ብለው የጮኹ ልጆች ናቸውና ክርክሩ ከባዶ አልመጣም። ነገር ግን ያ ሁሉ የኢምፔሪያሊዝም ሸክም በአንዲት ልጅ ጉልበት ላይ ሲያርፍ ማየት ይገርማል። የታሪክ ሰዎች ባሕሩ ዘውዴን ጨምሮ ስለዚያ ቀን ጽፈዋል። እማማ ግን የሚያስታውሱት ወንድማቸውን ነው። ተማሪ ነበር። ከዶርም መጥቶ "ይሄን ቀሚስ አስረዝሚ" አላቸው። እሳቸውም ታላቅነቱን አክብረው ጠርዙን ፈትተው ሁለት ጣት አወረዱት። ወንድማቸው ዶርም ሲመለስ መልሰው ሰፉት።

"ስንት ጊዜ ፈታሁት፣ ስንት ጊዜ ሰፋሁት" እያሉ ሲስቁ ሲኒው ረከቦቱ ላይ ይንኳኳ ነበር። እኔም ፎቶውን እንደገና አየሁት። ጠርዙ ላይ፣ በጣም ጠጋ ስትሉ፣ የድሮው ስፌት መስመር ይታያል። የአንድ ትውልድ ሙግት በአንዲት የክር መስመር ላይ ተቀምጦ አየሁ።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ በሳቅ የሚታይ አልነበረም። በሁለተኛው ሴሚስተር የፋሺስት ወረራ ዘመን ምስሎች ላይ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ1935 የጣሊያን ወታደር "ፋቼታ ኔራ" የሚለውን ዘፈን እየዘፈነ ሲዘምት ኢትዮጵያዊቷን ሴት እንደ ምርኮ የሚያሳዩ ፖስት ካርዶችና ፎቶዎች በኪሱ ነበሩ። ያው መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር በጎጆ እንዳይኖር በሕግ ከልክሎ እስከ አምስት ዓመት እስራት ደነገገበት። በምስል ጠርቶ በሕግ የሚከለክል መንግሥት። ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ ከዚያ ዘመን የተረፉ ፎቶዎችን ለዓመታት ሰብስባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችውና በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር የደረሰው "ዘ ሻዶው ኪንግ" የተሰኘው ልብ ወለዷ ከነዚያ ፎቶዎች ጋር ሲነጋገር ይሰማል።

እኔ እነዚያን ፖስት ካርዶች ክፍል ውስጥ በትልቁ ስክሪን ላይ ማውጣት አቃተኝ። ከበስተኋላ የተቀመጠች አንዲት የክፍል ጓደኛዬ፣ ከአሜሪካ ቀደምት ተወላጆች ወገን የሆነች የኦጂብዌ ልጅ ሳትሆን አትቀርም ብዬ የማስባት ዝምተኛ ልጅ፣ ተነሥታ መብራቱን አበራችና "ሳናያቸውም እናውቃቸዋለን፤ በቃል ንገሪን" አለች። በቃል ነገርኳቸው። ከክፍል ስንወጣ በፔርሙሷ የያዘችውን ትኩስ ሻይ በክዳኑ ቀድታ ሰጠችኝ። ሻይዋ የጥድ ሽታ ነበረው። ምንም አልተባባልንም፤ ድልድዩን አብረን ተሻገርን።

ሰፈራችን ግን የራሱ ለዛ ነበረው። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ የተጠጋች ከተማ ናት፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ አይሁድ ቤተሰቦች ከሰሜን ሚኒያፖሊስ ወጥተው የሰፈሩባት። የኮኤን ወንድማማቾች ያደጉት እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የሠሩት "ኤ ሲሪየስ ማን" የተባለው ፊልም የሚያሳየውም ያንኑ ሰፈር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቦች ጥቁር ለብሰው፣ ልጅ አስከትለው፣ በእግራቸው ወደ ምኵራብ ሲሄዱ እማማ ከመስኮታቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሏቸዋል። "ሰንበትን የሚያከብር ሰው ነው" ይላሉ። እሳቸውም ቅዳሜን ሰንበት ብለው ያደጉ ናቸውና።

የሁለተኛ ፎቋ አሮጊት ኬካቸውን የሚጋግሩበት ዕቃም የከተማዋ ልጅ ነው። ኖርዲክ ዌር የሚባለው ፋብሪካ እዚያው ሴንት ሉዊስ ፓርክ ነው፤ ስሙን በአውራ ጎዳናው ስታልፉ ረጅም የሲሚንቶ ማማ ላይ ታነቡታላችሁ። ማማው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1899 እና በ1900 መካከል ለሙከራ የተሠራ የእህል ጎተራ ነው፤ ይፈርሳል ተብሎ ተስቆበት ነበር፣ እስካሁን ቆሟል። ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ የሚኒያፖሊስ የሃዳሳ ማኅበር አይሁድ ሴቶች መጥተው አያቶቻቸው በአውሮፓ ይጋግሩበት የነበረውን፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለውን መጋገሪያ ሥራልን አሉት። ቡንት የሚባለው መጋገሪያ እንዲህ ተወለደ። ሐሳቡ የሴቶቹ፣ ማማው ላይ ያለው ስም የፋብሪካው።

አንድ ቀን እኚህ አሮጊት ኬካቸውን በሳህን ይዘው፣ በብብታቸው አልበም አድርገው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ወሬው እሳቸውም ጋ ደርሷል ማለት ነው። እማማ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ እሳቸው አማርኛ አይችሉም። እኔ ላስተረጉም መሐል ተቀመጥኩ። ብዙም አልተፈለግኩም። ሁለቱ አልበሞች ጎን ለጎን ተዘረጉ። እዚህ የተቀባ ሐይቅ አለ፣ እዚያ የተቀባ የአትክልት ቦታ። እዚህ ቴሌፎን፣ እዚያ የሸክላ ዓምድ። አሮጊቷ በጣታቸው የእማማን ጫማ አሳዩና "ኦ!" አሉ። እማማ የሳቸውን እናት ኮፍያ አሳዩና "ወይ ጉድ!" አሉ። ኬኩ በቡና አለቀ። ሲሄዱ እማማ ሳህኑን ባዶውን አይመለስም ብለው ዳቦ ቆርሰው፣ በላዩ ጠፍጠፍ አድርገው ሰጧቸው።

ስለ ጾታዊነት የተማርኩት ደግሞ ከመሬት በታች ነው ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲው አንደርሰን የሚባል ቤተ መጻሕፍት አለው፤ መዛግብቱ የሚቀመጡት በሚሲሲፒ ዳር ያለው ቋጥኝ ተፈልፍሎ በተሠራ ዋሻ ውስጥ ነው። የስደተኞች ታሪክ መዝገብ እዚያ አለ። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ሕይወት የሚመለከተው የትሬተር ስብስብም እዚያ ነው። ትሬተር የሚባሉት ሚኒሶታዊ ደብዳቤውን፣ ፎቶውን፣ የደረት ዓርማውን፣ ካናቴራውን ሳይቀር ቤታቸው እስኪሞላ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2000 ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ሰው የሚጥለውን የሚያነሣ ሰው ባይኖር ያ ሁሉ ሕይወት አልነበረም ሊባል ነበር።

በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ ከእናቴ አልበም አንድ ፎቶ አሳየሁ። ሁለት ወጣት ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ አንዷ ራሷን በሌላዋ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋለች። አንዱ ተማሪ "ግንኙነታቸው ምን ነበር?" አለ፤ በልቡ መልሱን ይዞ ነው የጠየቀው። እኔ ስለ አገሬ አስረዳሁት፤ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደሚሄዱ፣ ወንዶቹም ትንንሽ ጣታቸውን አቆላልፈው መርካቶን እንደሚያቋርጡ፣ ማንም ዞሮ እንደማያያቸው። እሱ ደግሞ ሕጉ በሚቀጣበት አገር ማን ምን ነኝ ብሎ አልበም ውስጥ ይተዋል አለኝ። መምህራችን ሁለታችንንም ሰምታ "ጥያቄው ይቀመጥ፤ ፎቶው የትም አይሄድም" አለች። እስከ ዛሬ ተቀምጧል። የእናቴ ጓደኛ በቀይ ሽብር ጊዜ ከከተማ ወጥታ አልተመለሰችም። እናቴ ያን ፎቶ ከሌሎቹ ለይታ በመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ ፎቶውም ከዚህ በላይ አልነገረኝም።

የሠዓሊዋ የጁሊ ምሕረቱ ሥራዎች ዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል የመጡት እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ፣ ገና ሁላችንም ማስክ በምናደርግበት ዊንተር ነው። የአክስቴ ልጅ ከሺፍት ወጥታ፣ ዓይኗን እያሸች፣ እማማንና እኔን በመኪና ወሰደችን። ከማዕከሉ ፊት ለፊት ያለው መናፈሻ ውስጥ ጫፉ ላይ ቼሪ የተቀመጠበት ግዙፍ ማንኪያ አለ፤ የሚኒያፖሊስ ፖስት ካርድ ሁሉ እሱ ነው። በዚያ ዊንተር ቼሪው ቀለም ሊታደስለት ተነሥቶ ስለነበር በረዶው ላይ ባዶ ማንኪያ ብቻ ቀርቷል። እማማ ቆመው ሲያዩት ቆዩና "ማንኪያውስ አለ፤ የሚበላው የታለ?" አሉ።

ውስጥ ገብተን ግድግዳ ከሚያክሉት ሥዕሎች ፊት ስንቆም ግን ቀልዱ ቀረ። መስመር በመስመር ላይ፣ ጭስ በጭስ ላይ፣ የሕንፃ ንድፍ ታይቶ ይጠፋል። እኔ ስለ ከተማ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ረቂቅ ሥዕል ያነበብኩትን ላስረዳ አፌን ስከፍት እማማ ቀደሙኝ። "ቆማ ነው የሠራችው? ወገቧስ?" አሉ። ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ይህን አልጠየቀም። የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁኝ። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አሜሪካዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977፣ በደርግ ጊዜ፣ ቤተሰቧ ወደ ሚሺጋን እንደወጣ ነገርኳቸው። "የስድስት የሰባት ዓመት ልጅ" ብለው አሰቡት። "ይበቃል። አዲስ አበባን ለማስታወስ ይበቃል።"

ጁሊ እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያው ዎከር መጥታ ከምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰብ ከመጡ የከተማዋ ወጣቶች ጋር ሠርታ ነበር። ወጣቶቹ ካሜራና ድምፅ መቅረጫ ይዘው የራሳቸውን ውሎ ቀረጹ። የሥራው ርዕስ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ናቸው የሚል ነው። ይህን ስነግራቸው እማማ እንደ ዜና አልሰሙትም። "ታዲያ ምን ሊሆኑ ኖሯል?" አሉ።

ከሕንፃችን ልጆች አንዷ፣ ጥርሷ የሚወልቅባት ዕድሜ ላይ ያለች፣ ላፕቶፔ ላይ የአይዳ ሙሉነህን ሥራ አይታ አለቀቀችኝም። አይዳ አዲስ ፎቶ ፌስትን እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው ፎቶግራፈር ናት፤ የሴቶቿን ፊት በነጭ፣ በሰማያዊና በቀይ ቀብታ ታነሣለች። "ለምን ሰማያዊ ሆነች?" አለችኝ ልጅቱ። "አንቺ ምን ይመስልሻል?" ስላት "በርዷት" አለች። የሚኒሶታ ልጅ! በማግሥቱ ፊቷን በውኃ ቀለም ሰማያዊ አድርጋ፣ የእማማን ነጠላ ተከናንባ፣ አንሺኝ ብላ መጣች። ስልኬን ሳወጣ ፊልም ላይ እንዳየችው ዞር አለች። እማማ ከሶፋው ላይ ሆነው "ሁለቱም ዓይን ይታይ!" አሉ። ልጅቱ አማርኛው ብዙም አይገባትም፤ ድምፃቸው ግን ገባትና ተስተካክላ ቆመች።

ያ ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ። ከሌሎች አሥር ሺህ ጋር ተቀላቅሎ ነው ያለው፤ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያኔና አሁን ያልኩ እንደሆነ ልዩነቱ ይህ ነው። እማማ በሕይወታቸው ስቱዲዮ የገቡባቸውን ቀናት አንድ በአንድ፣ ከነጫማቸው ያውቋቸዋል። እኔ ትናንት ስንት ፎቶ እንደተነሣሁ አላውቅም። ዛሬ የሚነሡትን ሁሉ የሚያይ የማያውቁት ዓይን ሞልቷል፤ ሽንኩርት እየላጠ "ይቺ ማን ናት? የማን ቀሚስ ነው?" የሚል ግን የለም።

እማማ ስማቸውን ለምን እንዳልፈቀዱ ልንገራችሁ ብዬ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ሊያልቅ ሲል ያቺን የስቱዲዮ ፎቶ ላስገባት ጠየቅኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ "ለአስተማሪዎችሽ ንገሪያቸው፤ አታሳያቸው። የማላውቀው ሰው እያገላበጠ እንዲያየኝ አልፈልግም" አሉ። ፈታኞቼ "ዋናው ፎቶ የታለ?" ሲሉኝ ባለቤቷ እንዳልፈቀዱ ነገርኳቸው። እነዚያ በጣሊያን ፖስት ካርድ ላይ ያሉት ሴቶች ያልተጠየቁትን ጥያቄ እማማ ተጠይቀው እምቢ አሉ። በዚያ ገጽ ላይ የጻፍኩት መግለጫ ነው፤ ሐይቁን፣ የቀይ ቀለሙን መውጣት፣ የድሮውን ስፌት። ከጽሑፉ ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

አሁን እማማ ልጃቸው ሥራ ቀይራ ቴክሳስ ናቸው፤ "ሙቀቱ ሞተ አልሞተም ያሰኛል" ይላሉ፣ ብርዱን ሊናፍቁ ምንም አልቀራቸው። ስልክ ስደውል መጀመሪያ የአክስቴን ልጅ ጤና፣ ከዚያ የሁለተኛ ፎቋን አሮጊት፣ ከዚያ "ያንቺ የሰርግ ፎቶስ መቼ ነው?" ይሉኛል። ባለፈው ደጋግመው ሲጠይቁኝ ሳቅኩባቸው። እሳቸውም ሳቁና "እንግዲያው ሳታገቢም ቢሆን ደሞዝ ሲገባ ስቱዲዮ ሂጂና ተነሺ። ለራስሽ" አሉ።

ስቱዲዮ የት አለና! ከቤቴ አጠገብ ፎቶ የሚያነሣ ቢኖር ለፓስፖርት የሚያነሣው ፋርማሲ ብቻ ነው። ፓስፖርቴን ላሳድስ ስለሆነ እሱው ጋ ሄድኩ። ከኋላዬ ነጭ መጋረጃ ዘረጉ፣ ሐይቅ የለም። ልጁ ደንቡን አነበበልኝ፦ ፊት ለፊት፣ መነጽር አውልቀሽ፣ ሁለቱም ዓይን ይታይ። ከት ብዬ ስስቅ ግራ ገባውና ሁለቴ አነሣኝ። አንዷን ቅጂ ለእማማ ላክሁ። በማግሥቱ ደወሉ።

"ደህና ነሽ፤ አላፈርሽም" አሉ። "ቴሌፎን ግን ይጎድልሻል።"